ጓል ተሸክማ ወደ ውስጥ የሄደችው ሴት

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

ምን አላችሁ? ይሄ የላም በረት ነው ወይስ የጫጩት ቆጥ? እራት የበላ ሰው እንዲህ አይመልስም። እንደገና። «ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

እንዲህ ነው እንጂ! በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺ እዚያ የምታንጎላጂው፣ እግርሽን ሰብስቢና ለታናሽሽ ቦታ ስጪ። የዛሬው ተረት ራሱ ቦታ ስለ መስጠት ነው።

በድሮ ዘመን፣ ከአንድ ተረተር ሥር፣ ቆቅ ውሃ የሚባል አገር ነበረ። ስሙን ያገኘው ከምንጩ ነው። ምንጯ ከአንድ ዋንዛ ሥር ትፈልቃለች፤ በጋ ከክረምት አትጎድልም። ጧት ጧት ቆቆች ይጠጧታል። ከዚያም ሴቶች ይቀዷታል፤ ከዚያም ከብቱ ይጠጣል፤ ከዚያም የተረፈው ጎመኑንና ሽንኩርቱን ያጠጣል። መሬቱ ደግሞ ከተረተሩ አናት እስከ ምንጯ ድረስ፣ አንዱ ማሳ ከሌላው ሥር እየሆነ ይወርዳል። በማሳና በማሳ መካከል ድንበር አለ። ድንበር ማለት ያን ጊዜ አጥር አይደለም፤ የሣር መደብ ነው። ሰንበሌጥ ይበቅልበታል፤ ቀጋ ይበቅልበታል። ሰፊ ነበረ፤ ጥጃ ታስሮ ይውልበት ነበር።

የቆቅ ውሃ ሰው ኩሩ ነው። ሌብነት አያውቅም። የሰው ዶሮ እቤቱ ገብታ ብትጥል፣ ዶሮዋን ከነእንቁላሏ ይመልሳል። አንዲት አመል ብቻ ነበረችው። ድንበር ይገፋል።

እንዴት ይገፋል? ሲያርስ ይውልና ዳር ሲደርስ እርፉን ትንሽ ዘንበል ያደርጋል። ከሣሩ አንዲት ትልም ይቆርሳል። ጎረቤቱ ቢጠይቀው፦ «እኔ መቼ ገባሁ? በሬው ነው የገባው!» ይላል። ጎረቤቱም በሚቀጥለው ዓመት ከወዲያኛው ወገን አንዲት ትልም ይቆርስና እሱም፦ «በሬው ነው» ይላል። በዚያ አገር ኃጢአተኛው በሬ ብቻ ነበረ። ሰው ሁሉ ጻድቅ ነው።

ሙግትም አይነሳበትም። ለምን መሰላችሁ? በቆቅ ውሃ ወግ፣ ድንበሬ ተነካ ያለ ሰው ከመሬቱ አንድ ጓል ያነሳል። ደረቅ የአፈር ጓል። ያንን በራሱ ላይ ይሸከምና፣ ሽማግሌዎች እያዩት፣ ድንበሬ ይሄ ነው በሚለው መስመር ላይ ይሄዳል። እየሄደም፦ «ከዚህ ወዲህ የእኔ ነው፤ ብዋሽ አፈሩ ይብላኝ!» ብሎ ይምላል። ከባድ መሐላ ነው። ለአንዲት ትልም ብሎ ማን ጓል ይሸከማል? ደግሞስ እሱ ራሱ አምና የቆረሳት ትልም አለች፤ አፈሩ የምሩን ቢበላውስ? ስለዚህ ሁሉም ዝም ይላል፤ ሁሉም ይገፋል። ትልም በትልም፣ ዓመት በዓመት፣ ሣሩ ሳሳ። ከዚያም ክር አከለ። ከዚያም ጠፋ። ማሳና ማሳ ተሳሳሙ።

በዚያ አገር የሻረግ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል። አንዲት ልጅ አለቻት፤ ስሟ ውዴ ነው። የውዴ ባል ደምሴ መሬቷን ያርስላታል። የየሻረግ ማሳ ግን በሁለት ጎበዝ አራሾች መካከል ነው የወደቀው። ከላይ አያ ማንደፍሮ፣ ከታች አያ ቢተው። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ሲቆርሱ ሲቆርሱ ማሳዋ መቀነት አከለ። ገበያ ስትሄድ ሰዎች፦ «የሻረግ፣ ዛሬም ማሳሽን ታጥቀሽው መጣሽ?» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷም አፏ አያርፍም፦ «ምን ላድርግ? እቤት ብተወው ማንደፍሮ ያርሰዋል» ትላቸዋለች።

ከዚያም ዝናቡ ጠባዩን ለወጠ። ድሮ ሰኔ ሲገባ ለስለስ ብሎ ይጀምራል። ያካፋል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይመጣል። መሬትም እየጠጣች ትጠብቀዋለች። አሁን ግን ሰኔ አለፈ፤ ሐምሌ ገባ፤ ሰማዩ ዝም። ሰው ምሕላ ያዘ። ከዚያም አንድ ቀን ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ዘረገፈው። ውሃው ከተረተሩ አናት ተነሳ። የሚያዘገየው ድንበር የለ፤ የሚይዘው ሣር የለ። ከማሳ ማሳ እየዘለለ፣ ጥቁሩን አፈር እየተሸከመ ወረደ። ከምንጯ በታች የነበረችውን ትንሽ ቦይም ቆፈራትና ቦረቦር አደረጋት።

ቦረቦር ታውቃላችሁ? ወደ ታች አይምሰላችሁ የሚሄደው። እሱ የሚበላው ሽቅብ ነው። በየክረምቱ መሬቱን እየቀደደ ወደ ላይ ይወጣል። በመጀመሪያው ክረምት የከብቱን መሰማሪያ በላ። በሚቀጥለው መንገዱን በላና ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ጀመረ። ከዚያም የአያ ቢተውን ማሳ ጥግ ከነባቄላው ዋጠው። አያ ቢተው ጧት ተነስቶ ቢያይ ጥጉ የለም። አፉን ይዞ ቆመ። ያን ቀን እንኳ በሬው ነው አላለም።

ሰዉ ደቦ ጠራ። ድንጋይ ተሸክሞ ቦረቦሩን ሞላው። አንድ ዝናብ መጣና ያን ሁሉ ድንጋይ እንደ ሽንብራ ቆሎ ዘግኖ ወሰደው። ቦረቦሩም እየበላ እየበላ ከዋንዛው አጠገብ ደረሰ። ምንጭ ደግሞ ሥሯ ከተቆረጠ አለቀላት። ውሃዋ ገደል ውስጥ ይሰምጣል፤ ሰውም ከብትም አያገኘውም።

ሰዎቹ ከዋንዛው ሥር ተሰበሰቡ። ሽማግሌያቸው አባ ሰይፉ ይባላሉ። እሳቸውም ከዘራቸውን ተደግፈው፦ «ልጆቼ፣ የሚመጣው ክረምት ምንጫችንን ከበላት እዚህ መቀመጥ የለም። መስቀል ሲያልፍ ሁሉም ወደየዘመዱ ይበተን» አሉ። ያን የመሰለ ኩሩ ሕዝብ አንገቱን ደፍቶ ወደየቤቱ ገባ።

ደምሴም እቤት ገብቶ ከደጃፉ ቆመና፦ «እማማ፣ ምንጯ ከጠፋች እኔና ውዴ ቆላ እንወርዳለን። የአጎቴ አገር መሬቱ ሰፊ ነው። እርስዎም ይምጡ» አላት።

የሻረግ፦ «ባሌን እዚህ ቀብሬ የት ነው የምሄደው?» አለች።

«እንግዲያው ብቻዎን ሊቀሩ ነው?»

ውዴ ይሄን ስትሰማ በነጠላዋ ተሸፍና አለቀሰች። የሻረግ ግን አላለቀሰችም። ተናደደች። ልጇን ከነልጅ ልጆቿ አንድ ጉድጓድ ሊወስድባት ነው። ንዴት የሚጠቅምበት ጊዜ አለ ልጆች። ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ አንተን ነው የማየው።

ከዚያም በበልግ አንድ ቀን የሻረግ ማሳዋ ላይ ሳለች ዝናቡ ድንገት ጣለ። ገሳዋን ደረበችና ከአንዲት ቀጋ ሥር ተጠጋች። ይህች ቀጋ በእሷና በማንደፍሮ መካከል የቀረች አንዲት የድንበር ምልክት ናት። ለምን ቀረች? ቦራ የተባለውን የማንደፍሮ በሬ አንድ ጊዜ እሾኋ አፍንጫውን ወጋው። ከዚያ ወዲህ በጅራፍም በልመናም ወደሷ አልቀርብም አለ። ስለዚህ ቀጋዋም፣ በሥሯ ያለው ቁና የምታህል ሣርም ሳይታረሱ ቀሩ።

የሻረግ ውሃውን አየችው። በቀኝ ያለው እየጮኸ ያልፋል። በግራ ያለው እየጮኸ ያልፋል። ከቀጋዋ ላይ የደረሰው ግን ከሣሩ ጋር ተጋጨና ቀስ አለ። የተሸከመውን አፈር አስቀመጠ። ከዚያም ጠርቶ፣ እንደ ጨዋ ሰው በዝግታ አለፈ። የሻረግ ከቀጋዋ ጀርባ እጇን አፈሩ ውስጥ ብትሰድ እስከ ክርኗ ገባ። ጥቁር ነው፣ ለስላሳ ነው። የባሏ አባት ያርሱት የነበረው ዓይነት አፈር። ወዲያ ወጣ ብላ ብትሞክር ጣቷ ከድንጋይ ጋር ተላተመ።

«እህ!» አለች። ዝናብ እየመታት ብቻዋን ሳቀች። «ለካ የበላነው ሣር ነው የሚበላን!»

እቤት ገብታ ደምሴን ጠራችው፦ «ከዛሬ ጀምሮ ከላይም ከታችም ዳሩን አታርስ። ለሣር ተወው።»

ደምሴ አፉን ከፈተ፦ «እማማ! መቀነቱን ክር ሊያደርጉት ነው?»

«ክር ይሁን።»

«ክር ምን ያበላል?»

«ዘንድሮ ጥቂት ያበላል። ጉድጓድ ግን መቼም አያበላም» አለችው። ደምሴም ራሱን እየነቀነቀ ዳሩን ተወ። አማች ከአማቱ ጋር ተሟግቶ የት ይደርሳል?

ጥቂት ቀን አለፈ። ማንደፍሮ ሊያርስ ወጣ። ከዳር ቢደርስ ያልታረሰ መሬት አየ። ልማድ ክፉ ነው፤ እጁ ራሱ እርፉን ዘንበል አደረገው። የሻረግ ከታች ሆና ታየው ነበርና ገሰገሰች።

«አያ ማንደፍሮ! ለሣር የተውኩትን አረስከው።»

«እኔ መቼ ገባሁ? ቦራ ነው የገባው።»

«እንግዲያው ቦራ ጓል ይሸከም!»

ማንደፍሮ ሳቀ፦ «ክሰሺኛ! ጓል መሸከም ካማረሽ ተሸከሚ።»

«እከስሃለሁ፤ ጓሉንም እሸከማለሁ» አለችና ወደ አባ ሰይፉ ቤት ሄደች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አገሩ ሁሉ ማሳው ላይ ተገኘ። አንዳንዱ ለፍርድ፣ አብዛኛው ለጨዋታ። ማንደፍሮ ከላይ ቆሟል፤ ጥርሱን ነክሷል። የሻረግ የድሮውን ድንበሯን ልትጠይቅ ሽቅብ ወደ እሱ ማሳ ትወጣለች ብሎ ነው። ቢተውም ከታች ቆሞ ተራው እስኪደርስ ላብ ላብ ይለዋል።

የሻረግ ከቀጋዋ ሥር ጎንበስ አለችና ጓል አነሳች። መልሳ አስቀመጠችውና ደግሞ አነሳችው። አትፍረዱባት፤ ከዚያች መቀነት ላይ ነው የልጅ ልጆቿን እንጀራ የምትቆርሰው። ውዴ ከሰዉ መካከል ታያታለች። «የእናቴ ልብ ምን አሰበ?» እያለች ታያታለች። የሻረግ ጓሉን በራሷ ላይ አደረገች። ቀና አለች። ከዚያም ፊቷን አዞረችና ወደ ታች፣ ወደ ራሷ ማሳ ውስጥ ገባች።

አባ ሰይፉ ደነገጡ፦ «ልጄ የሻረግ፣ መንገዱ ጠፋሽ እንዴ? ድንበርሽ ወደ ላይ ነው!»

«አልጠፋኝም አባቴ።»

ከማሳዋ ዳር ጥጃ የሚዞርበትን ያህል ገባ ብላ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብላ ሄደች። እየሄደችም ድምጿን ከፍ አድርጋ፦ «ከዚህ ወዲያ የእኔ አይደለም፤ ብዋሽ አፈሩ ይብላኝ!» አለች።

ሰዉ አጉረመረመ። አባ ሰይፉ ከዘራቸውን ከመሬት ተከሉ። በሕይወታቸው ብዙ ጓል አይተዋል። ሁሉም ወደ ውጭ ነው የሄደው። ወደ ውስጥ የሄደ ጓል አላዩም።

«የማን ነው ታዲያ? የማንደፍሮ ነው?» አሏት።

«የእኔ ነው ካለ ጓሉን ይሸከምና ይማል።»

ሁሉም ወደ ማንደፍሮ ዞረ። ማንደፍሮ መሬት መሬት አየ። ያ መሬት የየሻረግ እንደነበረ ሕፃን ያውቃል። እንዴት ብሎ ይማልበት?

«ያንቺም አይደለም፣ የእሱም አይደለም። ታዲያ የማን ነው?»

«የሣሩ ነው» አለች የሻረግ።

አንድ ሰው ሳቀ። ብቻውን ሲሆንበት ተወው። የሻረግ ደግሞ በቢተው በኩልም ጓሏን ተሸክማ እንዲሁ ወደ ውስጥ ሄደች፤ እንዲሁም ማለች። ከዚያም ጓሉን አወረደችና አባ ሰይፉን እጃቸውን ይዛ ወደ ቀጋዋ ወሰደቻቸው።

«እጅዎን እዚህ ይክተቱ አባቴ።»

አባ ሰይፉ ከተቱ። እስከ ክርናቸው ገባ። ብዙ ጊዜ ሳያወጡት ቆዩ። ዓይናቸውም እንባ አቀረረ፦ «ይሄንን አፈር ልጅ ሆኜ አውቀዋለሁ» አሉ።

ማንደፍሮ እቤቱ ገባ። ሚስቱ አሰገደች ምሳ አቀረበችለት። አልበላም። ሽሮው ቀዘቀዘ።

«መቀነት የምታህል መሬት ያላት ሴት ለሣር ሰጠች። እኔ ማንደፍሮ፣ የአገሩ አንደኛ አራሽ፣ ከእሷ ልነስ?» አለ።

አሰገደች፦ «እኔ ምን አውቃለሁ? ቦራን ጠይቀው» አለችው።

በማግስቱ ጧት አገሩ በጩኸት ተነሳ። ማንደፍሮ ነው። የወፍጮ መጅ የሚያህል ጓል በራሱ ተሸክሞ ከማሳው ጫፍ ቆሟል። «ምስክር! ምስክር ኑልኝ!» ይላል። ሰው ሲሰበሰብለት ወደ ራሱ ማሳ ውስጥ ከየሻረግ አብልጦ ገባና፦ «ከዚህ ወዲያ የእኔ አይደለም!» አለ። ድምፁን ተረተሩ አስተጋባው። «በየሻረግ በኩልም፣ በላይኛውም በኩል! ጽፋችሁ አትያዙ፣ አይታችሁ መስክሩ!»

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻላቸው? ኩሩ ሕዝብ አይደለም እንዴ! የላይኛው ጎረቤት የማንደፍሮን ሰማና ጓል ተሸከመ። የዚያም ጎረቤት ተሸከመ። ያን ሁሉ ዘመን በመግፋት ሲፎካከር የኖረ ሰው አሁን በመስጠት ይፎካከር ጀመር። አያ ቢተው እልህ ይዞት ጓሉን እንደተሸከመ ወደ ማሳው መካከል ሲገሰግስ አባ ሰይፉ ከኋላው ሮጡ፦ «ኧረ ቢተው! ልጆችህን ሣር ልታበላቸው ነው? ተመለስ!» አሉት። በዚያውም ፈረዱ። ድንበር ማለት ጥጃ ታስሮ የሚዞርበት ያህል ነው፤ ከዚያ አይነስ፣ ከዚያም አይብዛ አሉ።

ከዚያም ደቦ ተጠራ። ሴቶች ከደብሩ ቅጥር ሰንበሌጥ ከነሥሩ እየነቀሉ አመጡ። ወንዶች ተከሉ። ቀጋም ተከሉ፤ ለበሬ አመል መድኃኒት ናት ብለው። ቦረቦሩን ደግሞ እንደገና በድንጋይና በእንጨት ረበረቡት። ደምሴም እየተከለ፣ ለቆላ መንገድ የሚሆን ስልቻም እየሰፋ ነበር። ሰው በሁለት ልቡ ይሠራል አንዳንዴ።

ሰኔ አለፈ። ዝናብ የለም። ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ያለውን ሁሉ ዘረገፈው። አገሩ ገሳውን ደርቦ ወጣ። የሻረግ ከዋንዛው ሥር ቆመች። ቦረቦሩ ከእግሯ ሥር ነው። ውሃው ከአናት ተነሳ። የመጀመሪያው ድንበር ላይ ደረሰ፤ ቀስ አለ። ሁለተኛው ላይ ደረሰ፤ አፈሩን አስቀመጠ። ሰዉ «እሰይ!» ማለት ሲጀምር ከላይ ጩኸት ተሰማ። የማንደፍሮ የላይኛው ድንበር ተበጠሰ። ሣሩ ገና ለጋ ነበረ፤ ሥሩ አልጠነከረም።

የሻረግ ሽቅብ ሮጠች። ስትደርስ ማንደፍሮ ከተበጠሰው ቦታ ላይ በደረቱ ተኝቶ ውሃውን ሊያቆም ይታገላል። «ጓል!» ብሎ ይጮሃል። «ጓል አምጡ!» የሻረግ ሣር የበቀለበት ጓል ነቀለች፤ በራሷ ላይ አደረገች፤ ሄዳ ጣለችለት። ውዴ ተከተለች። ደምሴ ተከተለ። ቢተው ተከተለ። አባ ሰይፉ እንኳ በዚያ እርጅናቸው ጭብጥ የምታህል ጓል ይዘው መጡ። አገሩ ሁሉ በራሱ ላይ ጓል ተሸክሞ በዝናብ ተመላለሰ። ያን ቀን ማንም አልማለም። የእኔ ነው ያለም የለም፤ የእኔ አይደለም ያለም የለም። ዝም ብሎ ተሸከመ። ቀዳዳው ተደፈነ።

ዝናቡ ሲያባራ ወደ ምንጯ ወረዱ። ውሃው ቦረቦሩ ዘንድ የደረሰው ደክሞ ነበር። ድንጋዩን ሊያነሳው አልቻለም፤ ጭራሽ ያመጣትን ጥቂት አፈር ጉድጓዱ ውስጥ ትቶለት ሄደ። ዋንዛው ቆሟል። ምንጯ ትፈልቃለች። ሴቶች እልል አሉ። ማንደፍሮ ጭቃ ብቻ ሆኗል፤ ጥርሱ ብቻ ነው የሚታየው።

በነጋታው ጧት ቆቆቹ መጡና ጠጡ።

ደምሴም ስልቻውን ይዞ ከየሻረግ ፊት ቆመ። እግሩን እያየ፦ «እማማ፣ ቆላ ይሞቃል ይላሉ» አለ።

«ይሞቃል» አለች።

«ወባም አለ ይላሉ።»

«አለ። ስልቻውን ለእህል አድርገውና ግባ፤ ምሳህ ቀረበ» አለችው። ውዴ ከጓዳ ሆና ሳቀች። የሻረግም ያን ጊዜ አለቀሰች። የደስታ ነው፤ ተዉአት ታልቅስ።

ዝናቡማ ወደ ድሮ ጠባዩ አልተመለሰም። ዘግይቶ ይመጣል፤ በአንድ ጊዜ ይዘረገፋል። የቆቅ ውሃ ሰው ግን ይጠብቀዋል። ከድንበሩ የታጨደው ሣር በበጋ ከብቱን ያበላል። የየሻረግ ክር የምታህል ማሳም ከዚያ ጥቁር አፈር የተነሳ፣ ሰፊ በነበረችበት ዘመን ያልሰጠችውን እህል ሰጠች። ገበያ ስትሄድም፦ «የሻረግ፣ ማሳሽን የት ተውሽው?» ሲሏት፦ «ማንደፍሮ እየጠበቀልኝ ነው» ትላለች።

በዚያ አገር እስከ ዛሬ ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲላክ፣ የልጅቱ አባት የልጁን በሬ አይጠይቅም፤ መሬቱ ስንት ነው አይልም። «ድንበሩ ጥጃ ያዞራል?» ይላል። «ያዞራል» ካሉት ልጅቱን ይሰጣል። ያገሩም ሰው ከየት ነህ ሲሉት ደረቱን ነፍቶ፦ «ጓል ወደ ውስጥ ከተሸከሙት ነኝ» ይላል። ይንፋ! ይገባዋል።

በሉ እንግዲህ። የእኔም ተረት ከድንበሩ ደረሰ። ከዚህ ወዲያ የእኔ አይደለም፤ ለልጆቻችሁ የምትነግሩት የእናንተ ነው። እኔ ጓሌን አውርጃለሁ፤ አንገቴ ደክሟል፤ አፌም ደርቋል። ተረቴን እንዳትገፉብኝ ደህና አድርጋችሁ መልሱልኝና፣ አፌን በዚያች በደበቃችኋት ትኩስ ቂጣ አብሱልኝ። የት እንዳለች አይቻለሁ! ድመቷ ናት የደበቀችው እንዳትሉኝ ብቻ።